ወላጆቻችሁን ለቅዳሜና እሁድ ጅቡቲ ልትወስዱ ነው? ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ ነው። «ዶክተር፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር አይታ አታውቅም። ቅዳሜና እሁድን ጅቡቲ ወስጄ ላሳያት አስቤ ነበር። ግን ግፊት አለባት፣ ስኳርም አለባት። ሙቀቱ አይጥላትም ወይ?» አንዳንዱ ስለ አባቱ፣ አንዳንዱ ስለ አያቱ ይጠይቃል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ ያሳደጉንን ሰዎች ጉልበታቸው ሳይደክም አንድ ጥሩ ነገር እናሳያቸው።

አጭሩ መልሴ፦ አብዛኞቹ መሄድ ይችላሉ። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልብ በሉልኝ። ሰውነት ሙቀትን ለመላመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። እናንተ የምትሄዱት ለ2 ቀን ነው። ስለዚህ እናታችሁ ጅቡቲ ገብተው እስኪመለሱ ድረስ ሰውነታቸው ሙቀቱን አይለምደውም። ሰውነቱ ካልለመደ መለመድ ያለበት ፕሮግራሙ ነው፤ ወሩ፣ ሰዓቱ፣ መድኃኒቱ፣ ውሃው ሁሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው።

1. በመጀመሪያ ወሩን ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። አዲስ አበባ ክረምት ሲገባ፣ ብርዱና ዝናቡ ሲበረታ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጉ፣ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ሲሰባሰቡ «እስቲ ወላጆቻችንን ሞቅ ያለ አገር እንውሰዳቸው» እንላለን። ጅቡቲ ግን ከሁሉ የከፋው ሙቀት የሚመታት ያኔ ነው። በሰኔና በሐምሌ ቀን ቀን ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ራሱ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። በቀን የሞቀ ሰውነት ማታ ማረፊያ አያገኝም ማለት ነው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ግን ሌላ ከተማ ነው። በታኅሣሥና በጥር ቀኑ ብዙውን ጊዜ 30 ዲግሪን አይሻገርም፤ ማታ ደግሞ ደስ የሚል ንፋስ አለ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆነ፣ በተለይ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች የምመክረው ይህን ወቅት ብቻ ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት ሰሞን ብታስቡት በቂ ዝግጅት ታደርጋላችሁ። ክረምት ላይ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ውሰዷቸው።

2. ከፍታውስ? ወደ ታች መውረድ ይጎዳል ወይ?

ይህን ብዙ ሰው ይፈራዋል። ነገሩ ግን የሚፈራውን ያህል አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ የምንተነፍሰው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ ሳንባም ልብም የሚያገኙት ኦክስጅን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩ አባት እዚያ ሲራመዱ ትንፋሻቸው ቀለል ቢላቸው አይግረማችሁ።

አውሮፕላኑንም አትፍሩት። በረራ ላይ የአውሮፕላኑ ውስጥ የአየር ግፊት የሚስተካከለው ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለን ያህል ሆኖ ነው። ይህ ማለት ለአዲስ አበባ ሰው የአውሮፕላን ውስጥ አየር ከሳሎኑ አየር ብዙም አይለይም። በ2 ቀን ቆይታ ደጋውን ሰውነታቸው ስለማይረሳው መመለሱም አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ግን ከነተመለሱበት ድካም በማግስቱ ወደ ሥራ አይሩጡ፤ አንድ ቀን ይረፉ።

ከፍታው ወዳጅ ነው። ፈተናው ሙቀቱ ነው።

3. ሙቀት በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ምን ይሠራል?

ሰውነታችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው በ2 መንገድ ነው። አንደኛው ከቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን አስፍቶ ትኩሱን ደም ወደ ቆዳ መላክ ነው። ሁለተኛው ላብ ነው፤ ላቡ ሲተን ቆዳውን ያቀዘቅዘዋል።

ዕድሜ ሲገፋ ሁለቱም ይዳከማሉ። የላብ እጢዎች እንደ ድሮው አይሠሩም። ብዙ ደም ወደ ቆዳ ለመላክ ልብ በፍጥነት መምታት አለበት፤ የደከመ ልብ ይህን አይችልም። በዚያ ላይ ባሕር ዳር አየሩ እርጥበት አለው። እርጥበት ባለበት ላቡ አይተንም፤ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። ሰውየው ውሃና ጨው ያጣል፣ ግን አይቀዘቅዝም።

ከሁሉ የሚከፋው ጥማት ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው አንጎሉ «ውሃ ጠማኝ» የሚለውን መልእክት ዘግይቶ ነው የሚልከው። እናታችሁ «ኧረ አልጠማኝም ልጄ» ሲሉ እየዋሹ አይደለም፤ እውነትም አልተሰማቸውም። ስለዚህ እነሱን ስንንከባከብ ጥማትን መጠበቅ የለብንም።

4. መድኃኒታቸውን ይዞ መሄድ ብቻ አይበቃም

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ። የግፊት መድኃኒት የተመጠነላቸው አዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ፣ ሳያልባቸው ነው። ሙቀት ራሱ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ግፊትን ያወርዳል። ላብ ደግሞ ውሃውን ይቀንሳል። በዚህ ላይ ያው መድኃኒት በያው መጠን ሲጨመር ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ሰውየው ከአልጋ ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል፣ ይወድቃሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው መውደቅ ደግሞ የዳሌ አጥንት ስብራት ማለት ሊሆን ይችላል።

ለየብቻ እንያቸው፦

የሚያሸኑ መድኃኒቶች (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ፉሮሰማይድ ወይም ላሲክስ)፦ ውሃና ጨው ያስወጣሉ። ላብ ሲጨመርበት ድርቀት ቶሎ ይመጣል።

ኢናላፕሪልና መሰሎቹ፦ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ኩላሊት ራሱን የሚከላከልበትን መንገድ ያጠባሉ።

አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን፦ እግር ያሳብጣሉ። ሙቀትም ያሳብጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ጫማ አልገባ ሊል ይችላል።

አቴኖሎልና መሰሎቹ፦ ልብ እንዳይፈጥን ይይዛሉ፤ ሙቀት ላይ ደግሞ ልብ መፍጠን ያስፈልገዋል። ቶሎ ይደክማቸዋል።

አሚትሪፕቲሊንና አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች፦ ላብን ይቀንሳሉ።

አሁን ደግሞ ብዙ ቤት ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። እናቶቻችን ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተው ይውጣሉ። ጉዞ ላይ ብዙ ስለሚራመዱ ጉልበት ያማል፣ ስለዚህ ይጨምራሉ። የሚያሸና መድኃኒት፣ ኢናላፕሪል እና ዳይክሎፌናክ አንድ ላይ፣ ውሃ ባጠረው ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ኩላሊትን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጎዱ ይችላሉ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ 70 ዓመት ያለፋቸው አባት ከቆላ አገር ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ ተዳክመው መጡ። ልጆቻቸው «ዕድሜ ነው፣ መንገዱ አድክሟቸው ነው» ብለው ነበር። የኩላሊት ምርመራቸው ግን ከቀድሞው በጣም ተበላሽቷል። ሲጠየቁ ሦስቱንም መድኃኒት ይወስዳሉ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ሽንት እንዳይመጣባቸው ውሃ አልጠጡም። ደግነቱ በጊዜ ስለመጡ በግሉኮስ ሳይሆን በጨው ያለበት ፈሳሽና መድኃኒቱን በማስተካከል ዳኑ። ሁሉም ግን በጊዜ አይመጣም። ለጉልበት ሕመም ፓራሲታሞል ወይም የሚቀባ መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ፤ ዳይክሎፌናኩን ቤት ተዉት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፤ አደራ። ከጉዞው 2 ሳምንት በፊት ወደሚከታተላቸው ሐኪም ውሰዷቸውና እንዲህ በሉ፦ «ለ2 ቀን ሞቃት አገር እንሄዳለን። ግፊታቸውን ተቀምጠውም ቆመውም ይለኩልን። የኩላሊት ምርመራ ይታዘዝልን። የሚያሸናው መድኃኒት በእነዚያ ቀናት ይቀነስ ወይስ እንዳለ ይቀጥል?» ይህን ጥያቄ ሐኪሙ በ5 ደቂቃ ይመልስላችኋል።

ስኳር ላለባቸው፦ ሙቀት ኢንሱሊንን ቶሎ ወደ ደም ያስገባዋል፤ ስለዚህ ስኳሩ ሳይታሰብ ሊወርድ ይችላል። ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱም ምግብ ከዘገየ ያሰጋቸዋል። መለኪያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከወትሮው በላይ ደጋግማችሁ ለኩ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። የቆመ መኪና ውስጥ በፍጹም አይቀመጥ። በረዶ ላይም በቀጥታ አታስቀምጡት፤ አንዴ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ ይበላሻል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ዕቃ በሚይዝ ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። አውሮፕላን ላይ ከሆነ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ሻንጣ አይላክ።

አንድ ወረቀት ላይ የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠንና የሚወሰድበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። የፋብሪካ ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም ጻፉ። ጅቡቲ ሕክምናው በፈረንሳይኛ ስለሆነ በእኛ አገር የምናውቀው የንግድ ስም እዚያ ላይታወቅ ይችላል፤ የመድኃኒቱ ዋና ስም ግን የትም ይገባል።

5. ውሃና ሽንት ቤት

ወላጆቻችን መንገድ ላይ ውሃ የማይጠጡበት ትልቁ ምክንያት ሽንት ቤት ነው። አባቶች ፕሮስቴት አለባቸው፤ እናቶች ሽንት መቋጠር ያስቸግራቸዋል፤ ግን በልጃቸው ፊት ይህን መናገር ያፍራሉ። «ጠጪ፣ ጠጪ» ብሎ መጨቅጨቅ መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው ሽንት ቤቱን እናንተ ቀድማችሁ ማዘጋጀታችሁ ነው። አውሮፕላንም ባቡርም ላይ ከመተላለፊያው ዳር፣ ለሽንት ቤቱ ቅርብ የሆነ ወንበር ያዙላቸው። ከተማ ውስጥ በየ1 ሰዓት ተኩሉ «እስቲ እዚህ ካፌ አረፍ እንበል» በሉ። ሳያፍሩ ይገባሉ፣ ሳይፈሩ ይጠጣሉ።

መጠኑ? ሳይጠማቸው በየግማሽ ሰዓቱ ግማሽ ብርጭቆ ያህል። የሽንቱ ቀለም ፈካ ያለ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ድርቀት ነው። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ውሃ የተመጠነላቸው ሰዎች ግን ይህ አይመለከታቸውም፤ መጠኑን ከሐኪማቸው ይጠይቁ። በጅቡቲ የከርሰ ምድር ውሃው ጨዋማ ነው፤ ስለዚህ በተለይ ግፊት ያለባቸው የታሸገ ውሃ ይጠጡ። ኦአርኤስ ለተቅማጥና ለብዙ ላብ ነው፤ ጨው ስላለው እንደ ተራ ውሃ ቀኑን ሙሉ አይጠጣም።

ጾም ላይ ከሆኑ ደግሞ ይህን አስቡበት። ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ከሰዓት መቆየት ከሙቀቱና ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ አይሄድም። ጉዞውን ከጾም ወቅት ውጪ አድርጉት፤ ካልሆነም አስቀድመው የሃይማኖት አባታቸውንም ሐኪማቸውንም ያማክሩ።

6. «መስኮቱን ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል!»

ይህን ዓረፍተ ነገር ታክሲ ውስጥ ያልሰማ አለ? ወላጆቻችን ንፋስ ይፈራሉ። ምች ይመታኛል፣ ብርድ ይገባኛል ብለው ያስባሉ። ጅቡቲም ሄደው ቬንቲሌተሩን አጥፉ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ ጋቢዬን አምጡ ይላሉ። እዚያ ግን ንፋሱ መድኃኒታቸው ነው። ላብ እንዲተን የሚያደርገው እሱ ነውና።

አትከራከሯቸው፤ አስማሟቸው። የክፍሉን ማቀዝቀዣ 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ አድርጉት፤ ንፋሱ ፊታቸው ላይ በቀጥታ እንዳያርፍ አዙሩት። ሹራቡን ቤት አስቀርታችሁ ሰፊ የጥጥ ልብስ አልብሷቸው። ነጠላዋ ግን ትሂድ! ራስ ላይ ጣል ስትደረግ ከፀሐይ ትከላከላለች፣ በውሃ ረጠብ ተደርጋ አንገት ላይ ስትጣል ታቀዘቅዛለች። ከነጠላ የተሻለ የጉዞ ዕቃ አላየሁም።

7. መንገዱ፦ ባቡር ወይስ አውሮፕላን?

ብዙ አባቶች የድሮውን የለገሃር ባቡር ስለሚያስታውሱ በአዲሱ ባቡር መሄድ ይፈልጋሉ። ደስ ይላል፤ ግን መስመሩ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጉዞውም ከ12 ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ላለው ሰው ግማሹ ጊዜ መቀመጥ ላይ ያልቃል። ጊዜ ካላችሁ ድሬዳዋ አንድ ሌሊት አድራችሁ ብትቀጥሉ ይሻላል። 2 ቀን ብቻ ካላችሁ በአውሮፕላን ሂዱ።

ከ4 ሰዓት በላይ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። በየሰዓቱ ይነሱ፣ ጥቂት ይራመዱ። ተቀምጠውም የእግር ጣታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች 20 ጊዜ ያንቀሳቅሱ። ከዚህ በፊት ደም የረጋባቸው፣ ካንሰር ያለባቸው ወይም በቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ከሆነ ሐኪም ሳያዩ አይጓዙ። ሁለቱም እግር እኩል ካበጠ ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ ነው፤ አንዱ እግር ብቻ አብጦ ካመመ ግን በዚያው ቀን ሕክምና።

8. ባሕሩ ዳር

የጅቡቲ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው አቆጣጠሩ ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ጥላ ውስጥ ይሁኑ። ባሕር የሚታየው ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ቀትር ላይ ምሳ፣ ዕረፍት፣ እንቅልፍ። የከተማው ሰው ራሱ ቀትር ላይ ቤቱ ነው።

ውሃ ውስጥ መግባት ይችላሉ? አዎ፣ እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ፣ ሰው አብሯቸው ቆሞ። ውሃው ክብደት ስለሚሸከም ጉልበታቸው ቀለል ይላቸዋል። ስኳር ያለባቸው ግን ባዶ እግራቸውን አሸዋ ላይ አይሂዱ። ነርቩ የደነዘዘ እግር አሸዋው ሲያቃጥለው፣ ድንጋይና ዛጎል ሲቆርጠው አይሰማውም። ቁስሉን የምታዩት ማታ ካልሲ ሲወልቅ ነው። የሚዘጋ ጫማ አድርገው ይግቡ፤ ማታ እናንተ ራሳችሁ እግራቸውን በጣቶቹ መካከል ሳይቀር እዩላቸው። የእናትን እግር ማጠብ እኛ አገር የቆየ ክብር ነው፤ እዚህ ላይ ሕክምናም ነው።

አሳል ሐይቅን ማየት ከፈለጉ፦ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ነጭ ጨው እስከ ዓይን ድረስ ተዘርግቶ ታያላችሁ። ግን ጥላ የለም፣ ከከተማው ሩቅ ነው፣ የጨው ቅርፊቱም እግር ይቆርጣል። በቀዝቃዛው ወቅት፣ ማለዳ ተነስታችሁ፣ ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ከሄዳችሁና ከግማሽ ሰዓት በላይ ውጪ ካልቆዩ ይቻላል። የልብ ሕመም ያለባቸው ግን ከተማው ባሕር ዳር ይበቃቸዋል።

ምግቡን አትፍሩት። በምድጃ ተጋግሮ ከቂጣ ጋር የሚቀርበው የየመን አሠራር ዓሣ ለልብም ለስኳርም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጨው ቀነስ እንዲያደርጉ ንገሯቸው። ጥሬ ነገርና ያልታወቀ በረዶ ግን ይቅር።

9. ብዙ ሰው የማያስበው፦ ወባና ቢጫ ወባ

«ከተማ ውስጥ ወባ የለም» የሚለው ድሮ ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የሚባል፣ ከእስያ የመጣ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ተገኘ። ይህ ትንኝ የሚራባው በውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶና በርሜል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከተማ ይመቸዋል። በዚያ ዓመት ጅቡቲ ውስጥ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ70 ሺህ በላይ ሆነ። ድሬዳዋም እ.ኤ.አ. በ2022 በዚሁ ትንኝ ምክንያት ወረርሽኝ አይታለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ የኖሩ ወላጆቻችን ደግሞ ወባን የሚቋቋም አቅም አላዳበሩም።

ስለዚህ አጎበር ወይም የታሸገ መስኮት ያለው ክፍል፣ ማታ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት። መከላከያ ክኒን ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪሙን በዚያው ቀጠሮ ጠይቁ። ከምንም በላይ ይህን አትርሱ፦ ወባ ከተነከሱ ቢያንስ ከ1 ሳምንት በኋላ ነው የሚታየው። ማለትም ትኩሳቱ የሚመጣው ከተመለሳችሁ በኋላ ነው። በ1 ወር ውስጥ ትኩሳት ከመጣ «ጅቡቲ ነበርን» ብላችሁ ተናገሩ። ዴንጊ የሚባለው ትኩሳትም እዚያ አለ፤ ስለዚህ ሳይመረመሩ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አይውሰዱ።

ድንበር ላይ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሊጠየቅ ይችላል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ሐሙስ ተከትቦ ዓርብ መሄድ አይሆንም። ቀድሞ የተከተቡ ከሆነ አሮጌውን ካርድ ፈልጉ፤ አንዴ የተሰጠ ክትባት አሁን ለዕድሜ ልክ ይሠራል። 60 ዓመት አልፏቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተቡ ከሆነ ግን ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት፣ ብርቅ ቢሆንም፣ ከወጣት ይልቅ ያሰጋቸዋል። ዝም ብለው ተሰልፈው አይከተቡ፤ ሐኪም መጀመሪያ ያያቸው።

10. እነዚህን ካያችሁ ጊዜ አታባክኑ

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብ፣ የጡንቻ መኮማተር፣ ድካም፦ ሙቀቱ እየጎዳቸው ነው። ጥላ ውስጥ አስገቧቸው፣ አስተኝታችሁ እግራቸውን ከፍ አድርጉ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጡ። በግማሽ ሰዓት ካልተሻላቸው ወደ ሕክምና።

መቀባዠር፣ ቦታና ሰው መለየት አለመቻል፣ መንገዳገድ፣ ራስን መሳት፣ በጣም የጋለ ሰውነት፦ ይህ ሂት ስትሮክ ነው፤ ይገድላል። «ጃጅተው ነው» ወይም «እንቅልፍ አጥተው ነው» አትበሉ። ትናንት ጤነኛ የነበረ ሰው ዛሬ ከቀባዠረ በሽታ ነው። ሕክምና እስኪደርስ ልብሳቸውን አላሉ፣ ሰውነታቸውን በውሃ አርጥቡ፣ ነጠላውን አርጥባችሁ አልብሷቸውና አራግቡላቸው። ራሳቸውን ለሳቱ ውሃ በአፍ አትስጡ፤ ወደ ሳንባ ይገባል። ፓራሲታሞል ለዚህ አይሠራም። ስኳር ያለባቸው ከሆነ ወዲያው ስኳራቸውን ለኩ፤ የወረደ ስኳርም ልክ እንዲህ ያስቀባዥራል።

የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ መዛል፦ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ለጊዜው መሄድ የሌለባቸው

በቅርብ ሳምንታት የልብ ድካም ወይም ስትሮክ የያዛቸው፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ግፊታቸው 180 በ120 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ስኳራቸው ሰሞኑን ሲወጣና ሲወርድ የሰነበተ፣ እና የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ። እነዚህ መጀመሪያ ይታከሙ። «አትሄዱም» ሳይሆን «ሲረጋጋ እንሄዳለን» በሏቸው።

በመጨረሻም አንድ ነገር። 2 ቀን ውስጥ ሁሉንም ቦታ ለማሳየት አትሩጡ። በቀን አንድ ነገር ይበቃል፤ አንዱን ቀን ጠዋት ባሕሩን፣ ሌላውን ቀን ማታ ከተማውን። ወላጆቻችን ደከመኝ አይሉም፤ ልጃቸው ገንዘብ አውጥቶ እንዳያዝንባቸው ብለው ይችሉታል። ስለዚህ እነሱ ሳይናገሩ ቀድማችሁ «እኔ ደክሞኛል፣ እንረፍ» በሉ። ይህች ትንሽ ውሸት ከብዙ ክኒን ትበልጣለች።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው፤ የሚከታተላቸውን ሐኪም አይተካም። ወላጆቹን ይዞ ለመጓዝ ለሚያስብ ሁሉ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም አብራችሁ ብትጽፉ የተሻለ እመልሳለሁ።

ወላጆቻችንን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። መልካም ጉዞ!